እናቴ «ረድኤት» ብላ የሰማችው ቃል

ታኅሣሥ 2017 ነበር። ጠዋት ነው፣ ገና ፀሐይዋ አልሞቀችም። እናቴ ባህር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ቡና ትቆላለች፣ ሬዲዮው ደግሞ እንደ ልማዱ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ ያወራል። ዜና አንባቢው «በአፋር ክልል በድጋሚ ርዕደ መሬት ተከሰተ» አለ። እናቴ ምጣዱን ከከሰሉ ላይ አነሳ አድርጋ፣ «እሰይ፣ ረድኤት ወረደላቸው?» አለችኝ።

ከልቧ ነው። ረድኤት የምታውቀው ቃል ነው። ሰው ስትሸኝ «ረድኤቱ አይለይህ» ትላለች፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስም አፏ ላይ የማይጠፋ ቃል ነው። ዜና አንባቢው ፈጠን አድርጎ ሲያነበው «ርዕደ» ጆሮዋ ላይ ሲደርስ «ረድኤት» ሆነ።

«አይ እማዬ፣ መሬት ተንቀጠቀጠ ነው የሚለው» አልኳት።

ምጣዱ እጇ ላይ ቀረ። «ውይ በሞትኩት! ታዲያ ለምን እንደዚያ አይልም?»

መልስ አልነበረኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ጥያቄዋ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ወሬው የሰው ቤት ስለፈረሰበት አገር ነው። ሕፃን ታቅፎ ሜዳ ላይ ስለሚያድር ሰው ነው። ያንን ወሬ የሰማች አንዲት እናት ደስ ካላት አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። የተበላሸው ደግሞ እሷ ጋ አይመስለኝም።

ርዕደ መሬት መጥፎ ቃል ነው እያልኩ አይደለም። የግዕዝ ልጅ ነው፣ የተከበረ ነው። ራደ ከሚለው ጋር አንድ ዘር ነው፤ «ጉልበቴ ራደ» እንላለን፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «በፍርሃትና በረዓድ» ሲባል እንሰማለን። የቃሉን ዘር ለሚያውቅ ሰው ውስጡ ፍርሃት አለው። ዜና ላይ ሲነበብ ግን ያ ፍርሃት አይሰማም። ጽሕፈት ቤት ውስጥ የተፈረመ ደብዳቤ ይመስላል። መሬቱ የተንቀጠቀጠ አይመስልህም፣ ስለ መሬቱ ስብሰባ የተጠራ ነው የሚመስልህ።

ተንቀጠቀጠ በሉ እስኪ። ጮክ ብላችሁ በሉት። ቀጠ፣ ቀጠ። ቃሉ ራሱ አፍ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ይህን ካስተዋልኩ በኋላ ሌሎቹንም መቁጠር ጀመርኩ። ተነቃነቀ። ተወዛወዘ። ተንዘፈዘፈ። ተርገበገበ። ተርገፈገፈ። ተብረከረከ። ሁሉም አንድ ድምፅ ይዘው ወዲያ ወዲህ ይሄዳሉ። ቋንቋችን መንቀጥቀጥን ለመናገር ሲፈልግ ቃሉን ሁለቴ ይመታዋል። ግዕዝም ቢሆን ለመሬት መንቀጥቀጥ ድልቅልቅ የሚል ቃል አለው። ስሰማው ከበሮ ሲደለቅ ነው ጆሮዬ ላይ የሚመጣው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ደግሞ ዘልዘላ ይላሉ፤ የቁርአን 99ኛው ሱራ ስሙ ይኸው ነው። ዘል፣ ዘል። ዐረቡም እንደኛ ቃሉን ሁለቴ መትቶታል። የአሸዋ አገር ሰውና የደጋ ሰው ሳይነጋገሩ አንድ ነገር ላይ የተስማሙ መስሎኝ ገረመኝ። እርግጥ ቋንቋዎቹ ዘመዳሞች ናቸው፣ ያም አለበት።

ርዕደ መሬት የማይንቀሳቀስ ቃል ነው። መንቀጥቀጥ ግን ሲነገር ይሰማሃል። ልዩነታቸው እዚህ ላይ ነው።

እኔ የመሬት መንቀጥቀጥ አይቼ አላውቅም። ስምጥ ሸለቆው ውስጥ፣ ፈንታሌና ዶፈን የሚባሉት እሳተ ገሞራዎች አካባቢ መሬቱ ወራት ሙሉ ሲናወጥ፣ እዚህ ባህር ዳር እኔ ምንም አልተሰማኝም። መሃላችን በአየር መስመር ወደ 400 ኪሎ ሜትር አለ። ያየሁት ሌላ ነው። ወባ ነው።

የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሁሉ በየጉድጓዱ ሲተኛ፣ ወባ ያዘኝ። አልጋችን የብረት ነበር። ብርዱ ሲመጣ ጥርሴ ብቻ አልነበረም የሚንቀጫቀጨው፣ አልጋው ከነሽቦው ይንቀጠቀጥና ግድግዳውን ኳ፣ ኳ፣ ኳ ያደርገው ነበር። እናቴ ሦስት ጋቢ ደረበችብኝ። አልሆነም። በመጨረሻ ራሷ ላዬ ላይ ተኛችብኝ፣ በክብደቷ ልታስቆመው። እሷም አብራኝ ተንቀጠቀጠች። ዛሬም አስታውሰዋለሁ፣ ጉንጬ ላይ የነበረው የጉንጯ አጥንት እየተመታ ነበር።

እንግዲህ «አንቀጠቀጠኝ» የምንለው ይህንን ነው። ልብ በሉ፣ እኔ አይደለሁም አድራጊው። እሱ ነው የሚያንቀጠቅጠኝ። ብርድ አንቀጠቀጠው፣ ፍርሃት አንቀጠቀጠው፣ ወባ አንቀጠቀጠው። ጨካኝ ገዢንም «አንቀጥቅጦ ገዛ» እንላለን፤ የሰው ጉልበት ሁሉ በእሱ እጅ ሆነ ማለታችን ነው። መሬት ተንቀጠቀጠ ስንልም ይህ ሁሉ አብሮ ይመጣል። መሬቷን አንድ በሽታ ይዟታል፣ እናት ላይዋ ላይ ብትተኛም አታስቆመውም። ይህን ቃል የሰማ ሰው ማንም ሳያስረዳው ገብቶታል።

ወደ ታናሽ እህቴ ልምጣ። አዲስ አበባ ነው የምትኖረው፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ። ታኅሣሥ 26፣ ቅዳሜ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው 5.8 ገደማ የተለካው የመጣው። ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ 140 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው የተነሣው። ስትደውልልኝ ልጇን ታቅፋ ውጭ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆማለች። ድምጿ ይቆራረጣል። ኔትወርኩ ይሁን ፍርሃቱ አላወቅኩም።

«ወንድም ጋሼ፣ መጀመሪያ ነዘረን» አለችኝ። «ስልክ የተደወለ ነው የመሰለኝ። ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ ወዘወዘን። ቁም ሣጥኑ በሩ ብርግድ አለ።»

ነዘረን፣ ከዚያ ወዘወዘን። በኋላ ሳነብ ነው ምን ያህል በትክክል እንደተናገረችው የገባኝ። ከመሬት ሆድ የሚነሣው ማዕበል ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፈጣን ነው፣ በአንድ ሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። ዐለቱን እየገፋና እየሳበ ስለሚያልፍ ሲደርስ እንደ ንዝረት ነው። ሁለተኛው ዝግ ይላል፣ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል አካባቢ፣ ግን ጎን ለጎን እያወዛወዘ ነው የሚመጣው። ቤት የሚያፈርሰው በአብዛኛው ይኼ ኋለኛው ነው። 140 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በሁለቱ መካከል አሥራ ሰባት ሰከንድ ያህል ይኖራል። እህቴ ፊዚክስ ተምራ አይደለም። አማርኛዋ ሁለቱን ለያይቶ አስቀምጦላት ነው። ለመጀመሪያው ነዘረ አላት፣ ክርናችን ሲመታ እስከ ጣታችን የሚወርደው ዓይነት። ለሁለተኛው ወዘወዘ አላት።

ዜናው ግን ሁለቱንም በአንድ ላይ ጠቅልሎ «ርዕደ መሬቱ ያስከተለው ንዝረት» ብሎ አለፈ።

እዚህ ላይ ስለ ሬክተር ስኬል አንድ ነገር ልበል፣ ሁላችንም የምንጠቀምበት ቃል ስለሆነ። ሰውየው ቻርለስ ሪክተር ይባላል፣ መለኪያውን ያወጣው እንደ አውሮፓውያን በ1935 ነው። ዛሬ ባለሙያዎች ለትልልቆቹ የሚጠቀሙት ሌላ ስሌት ነው። የተሰነጠቀው ዐለት ስፋቱ ስንት ነው፣ ስንት ሜትርስ ተንሸራተተ ብለው ያሰላሉ። እኛ አገር ግን ስሙ ሬክተር ሆኖ ቀርቷል፣ ይቅር፣ በስም አልጣላም። የሚያሳስበኝ ቁጥሩን የምንሰማበት መንገድ ነው። ከ5 ወደ 6 ሲሄድ አንድ ብቻ የተጨመረ ይመስለናል። መሣሪያው ላይ የሚታየው ውዝዋዜ ግን 10 እጥፍ ነው፣ ጉልበቱ ደግሞ 32 እጥፍ ገደማ። ሌላም አለ። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ መነሻው ነው። ጣና ላይ ድንጋይ ብትወረውር የድንጋዩ ክብደት አንድ ነው፤ አጠገቡ ያለው ታንኳና ማዶ ያለው ታንኳ ግን እኩል አይነቃነቁም። መተሐራ ያለ ሰውና ጎንደር ያለ ሰው ያንኑ 5.8 ይሰማሉ፣ አንደኛው በእግሩ፣ ሌላው በሬዲዮ።

ጣናን ካነሣሁ አይቀር። ወደ ዘጌ በጀልባ ስንሄድ ማለዳ ውሃው እንደ ዘይት ይተኛል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል። አንድ ጊዜ ስንመለስ ዘገየን፣ ውሃው ከግራ ከቀኝ ጀልባችንን ይመታት ጀመር። ጀልባ ነጂው፣ ረጋ ያለ ሰው ነው፣ ሞተሩን ቀነስ አድርጎ «ዛሬ ሐይቁ ተናውጧል፣ ቁጭ በሉ» አለን። ቁጭ አልን። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን ጥርሳቸው ላይ ነክሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ተናውጧል። ያኔ ዝም ብዬ ነበር የሰማሁት። ከእናቴ ጥያቄ በኋላ ግን ማቴዎስ ወንጌል 8 ላይ ዓይኔ አረፈ። ማዕበሉ ታንኳይቱን እስኪደፍናት ድረስ በባሕር «ታላቅ መናወጥ ሆነ» ይላል። ታንኳ! የደንገሉ ታንኳ ወይጦ ጎረቤቶቻችን የሚሠሩት ዓይኔ ላይ መጣ። ከዚያ ምዕራፍ 28 ላይ፣ መቃብሩ ዘንድ፣ «ታላቅ የምድር መናወጥ ሆነ» ይላል። አንድ ቃል ነው። ለሐይቁም ለምድሩም። ተርጓሚዎቹ ቃል አጥሯቸው መስሎኝ ነበር፣ አይደለም። ግሪኩም ሁለቱም ቦታ ላይ ሴይስሞስ ነው የሚለው። ዛሬ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያውን መሣሪያ ሴይስሞሜትር የሚያሰኘው ያው ቃል ነው። ማለት የሐይቅ ዳር ሰው ለመሬት መናወጥ የሚሆን ቃል ድሮም ጀልባው ውስጥ ነበረው።

ናጠ የሚለውም ከዚህ ሩቅ አይመስለኝም። አያቴ ወተት የምትንጠው በቅል ነበር። ጭኗ ላይ አስተኝታ ወዲያ ወዲህ ታደርገዋለች። መጀመሪያ የሚሰማው የውሃ ድምፅ ነው፣ ቿ ቿ። ቆይቶ ድምፁ ይከብዳል፣ ቅቤው ሲለይ። እኛ ልጆቹ ጆሯችንን ቅሉ ላይ ለጥፈን እንጠብቃለን። «ጦርነት የናጣት አገር» ሲባል ስሰማ ያ ቅል ነው ትዝ የሚለኝ። ውስጡ ያለው ሁሉ ሳይወድ ይለያያል።

ቃሉ ዛሬ ሌላም ቦታ ደርሷል። ነውጥ ስንል ወዲያው ወደ ሐሳባችን የሚመጣው መሬት አይደለም፣ ሁከት ነው። ነውጠኛ ሰው ነው። የማዕበሉ ታሪክ፣ ያ ማቴዎስ 8፣ መጨረሻው «ታላቅ ጸጥታም ሆነ» ነው። እሱም ከሐይቁ ወጥቷል፣ ጸጥታ ዛሬ የኃላፊ ስም ነው፣ የቢሮ ስም ነው። ሁለቱ ቃላት ያን ሁሉ ተሸክመው ለሐይቁ የቀራቸው ትንሽ ነው። በዚህ በእኛ ከተማ ባለፉት ዓመታት ሌሊት መስኮት ሲርገበገብ ማንም ሰው መጀመሪያ ስለ መሬት አያስብም። ልጆች ከአልጋ ወርደው ግድግዳ ሥር መተኛትን ተምረዋል፣ ግን ለመሬት መንቀጥቀጥ አይደለም። ይህን ስጽፍ ልቤ ይከብዳል፤ ሳልጽፈው ግን ማለፍ አልቻልኩም።

«እኛ ጋ እኮ የለም» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ጣና ራሱ ምን እንደሆነ ቢያስቡት ጥሩ ነው። ይህን ሐይቅ አግዶ ያስቀመጠው ከመሬት ሆድ ወጥቶ የፈሰሰ ቅልጥ ዐለት ነው። ጢስ ዓባይ የሚወድቅበት ገደል፣ ልብስ አጣቢዎች ልብስ የሚወቅጡበት ጥቁር ድንጋይ፣ የቤታችን መሠረት የተሠራበት ሁሉ ከዚያው ነው። ስምጥ ሸለቆው ሩቅ ነው፣ እውነት ነው፣ የእኛ አካባቢ እንደ አፋር አይደለም። ግን የአገሩ ታሪክ የእኛም ነው። በ1953 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ያለችው ማጀቴ ፈርሳለች፣ ካራ ቆሬ ክፉኛ ተጎድታለች። በመስከረም 1998 አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ መሬቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ላይ ተከፍሎ፣ አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራርቋል። ወራት ሳይሆን ቀናት ነው የፈጀው። «ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ» ብለን ስናፍር የምንለው ነገር እዚያ በዓይን ታይቷል።

የ2017ቱም ከዚያ ዘመድ ነው። ፈንታሌና ዶፈን መካከል ከሥር ቅልጥ ዐለት በስንጥቅ ውስጥ እየገፋ ሲሄድ ነው መሬቱ ደጋግሞ የተንቀጠቀጠው። ለዚህ ነው አንድ ትልቅ መጥቶ ያላበቃው። መጣ፣ ቆመ፣ መጣ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ትተው ወጡ።

ይህን የመጣ፣ ቆመ፣ መጣ ነገር በአማርኛ ምን እንበለው? ዋናው ካለፈ በኋላ ለሚከተለውም ቢሆን ዜናዎች አንዴ «ተከታይ» ይሉታል፣ አንዴ «ድኅረ ርዕደ መሬት» ይሉታል። የኋለኛውን ለእናቴ ብነግራት ምን እንደምትሰማ እንጃ። እኔ አንድ ቃል አለኝ፣ ከሕመሙ አልጋ ያመጣሁት። ያን ጊዜ ወባው ለቀቀኝ ተብሎ ገንፎ ተገንፍቶልኝ፣ በሦስተኛው ቀን አልጋው እንደገና ኳ ኳ ማለት ጀመረ። እናቴ ከጓዳ ሳትወጣ ነው ያወቀችው። «አገረሸበት» አለች።

አገረሸ። አለቀ ሲባል የሚመለስ። ከመጀመሪያው ሊያንስም ሊብስም የሚችል። ደግሞ ለሰሚው ምን ማድረግ እንዳለበት አብሮ ይነግረዋል። ሕመም ሊያገረሽ ይችላል የተባለ ሰው ወዲያው ተነሥቶ ሜዳ ለሜዳ አይሮጥም፣ ይጠነቀቃል። የተሰነጠቀ ቤት ውስጥ ተመልሶ ለመተኛት አይቸኩልም። «መሬቱ ሊያገረሽበት ይችላል፣ ቤት አትግቡ» ብትለው ማን አይገባውም? ለሳይንሱ ጽሑፍ ርዕደ መሬት ይኑር፣ የምርምር ተቋሙም የትምህርት ቤት ፈተናውም ይጠቀምበት። ሌሊት ላይ ሰው ከእንቅልፉ ለሚነቃበት ማስታወቂያ ግን የእናቴን ቃል ስጡኝ።

እህቴ አሁንም እዚያው አራተኛ ፎቅ ላይ ናት። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ጫማዋን አልጋዋ ሥር አድርጋ ነው የምትተኛው። ልጇ ጠረጴዛ ሥር መግባትን ተምሯል፣ እንደ ጨዋታ ነው ያስተማረችው፣ «ነዘረ!» ስትል ይሮጣል፣ «ወዘወዘ!» ስትል የጠረጴዛውን እግር ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። አንድ ቀን በቪዲዮ አሳየችኝ። ትንንሽ ጣቶቹ የጠረጴዛው እግር ላይ ነጭ እስኪሆኑ ጨብጠው ነበር።

የካቲት 8 ጠዋት፣ እናቴ እዚያው በረንዳ ላይ ናት። ሌሊቱን ደግሞ 6 ገደማ የተለካ መጥቶ አድሯል፣ እኔ በስልኬ አይቻለሁ፣ እንዴት እንደምነግራት እያሰብኩ ነው። ሬዲዮው ቀደመኝ። «ርዕደ መሬት» አለ፣ ያው በዚያው ድምፅ። እናቴ እጇን ከስኒዎቹ ላይ አንሥታ ዞር አለችብኝ።

«አገረሸበት?»

«አዎ እማዬ።»

«ለልጅቱ ደውልላት» አለችኝ፣ ስልኬን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ እየሰጠችኝ።